ጉሮሮ ላይ ያረፈ እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር። የልጄ ልጅ ሕሊና አጠገቤ ተጋድማ በስልኳ እንግሊዝኛ ታጠናለች። ስልኩ ሁለት ድምፅ ያሰማና አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ ብሎ ይጠይቃል። ላገኘ አረንጓዴ ያበራለታል፤ ለሳተ ቀይ አብርቶ ይነዝራል።

«አባባ፣ አንተም ሞክራት» አለችኝ።

ሞከርኩ፤ ቀይ። ጠጋ ብዬ፣ መነጽሬን ሁሉ አድርጌ ደገምኩ። መነጽር ለጆሮ ምን እንደሚረዳ እግዜር ይወቅ። አሁንም ቀይ።

«ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አልኳት።

«ኧረ አልተበላሸም። ሁለት እኮ ናቸው። አይሰማህም?»

የምታታልለኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ። ከአንዲት ፍሬ ልጅ ጋር በስልክ ጨዋታ ልጣላ ነው። ቶሎ የምቆጣ ሰው መሆኔን ዲላ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህ ግን የተለመደው ቁጣዬ አልነበረም። ልናገር አፌን ከከፈትኩ በኋላ እጄ ሳላዘው ወደ ጉሮሮዬ ሄደ። ይህችን ቁጣ አውቃታለሁ። በወጣትነቴ በሌላ ሰው ፊት ላይ አይቻታለሁ፤ ያን ቀን ደም አፍስሳለች።

ዲላ ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ባጃጅ የሚርመሰመስባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ አልነበረችም። ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በግራና በቀኙ የቡና መጋዘንና የቆርቆሮ ሱቅ ተደርድሯል፤ ከዚያ በስተጀርባ እስከ ተራራው አናት ድረስ እንሰትና ቡና ነው። ኅዳር ሲገባ ቀዩ ቡና ከየመንደሩ በሰው ጀርባና በአህያ ይወርድና የከተማው አየር በሙሉ በቡና ገለፈት ይታጠናል። ሽታው መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ሲሰነብት ይከረፋል። ከትምህርት ቤታችን ሥር የሚያልፈው ወንዝ የቡና መፈልፈያው በሚለቀው እጣቢ ቀልቶ ነበር የሚወርደው። አባቴ ከመንዝ መጥቶ እዚህ ልኳንዳ የከፈተ ሰው ነው። እኔ ዲላ ተወልጄ ዲላ ባድግም ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አላውቅም። ጌዴኦኛው በየገበያው፣ በየመንገዱ፣ በራችን ላይ ሳይቀር ሲነገር ይውላል፤ ለእኔ ግን እንደ ዝናብ ድምፅ ነበር። ዝናብን ማን ቃል በቃል ያዳምጣል?

ስምንተኛ ክፍል ነበርን። የዛሬው አንባቢ ስምንተኛ ክፍል ሲባል ልጆች እንዳይመስሉት። ያኔ ትምህርት ዘግይቶ ስለሚጀመር ጢማችንን ያቀመቀምን፣ ሚስት የታጨችልን ሳይቀር ነበርን። ከሁሉም የምቀርበው በራሶን ነበር። በራሶ ከጨለለቅቱ አካባቢ የመጣ ጌዴኦ ነው፤ ከቤታችን ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘውለት ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ ከአባቴ ሱቅ ቁርጥራጭ ሥጋ እሰርቃለሁ። ቆጮውን በምጣድ ላይ ጠበስ አድርገን፣ ሥጋውን በአዋዜ አጣፍጠን፣ ከደጃፉ ቁጭ ብለን እንበላለን። ሰውነቱ ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ እልኸኛ ልጅ ነበር። አባቱ የአካባቢው ባለርስት በነበሩት በባላምባራስ መሬት ላይ ጭሰኛ ነበሩ። ከሚለቅሙት ቡና ይህን ያህል ለባላምባራስ፣ ይህን ያህል ለምስለኔው እየተባለ ሲከፈል ለራሳቸው የሚተርፋቸው ገለፈቱ ነው ማለት ይቻላል። በራሶ የሚኒስትሪን ፈተና ካለፈ ከዚያ መሬት ይወጣል፤ ካላለፈ ይመለሳል። ይህን እሱም፣ አባቱም፣ እኔም እናውቅ ነበር።

የባላምባራስ ልጅ ግዛው የክፍላችን አለቃ ነበር። በግቢው ውስጥ በአገር ልጅ ቋንቋ መነጋገር ክልክል ነው፤ ክልከላውን የሚያስከብረው እሱ ነው። የሚገርፍበት የደረቀ የበሬ ጅማት ነበረው፤ ያችን ጅማት ከአባቴ ልኳንዳ ነው የወሰዳት። ስታርፍ የምታሰማው ድምፅ ዛሬም ጀርባዬን ይኮመትረዋል። ግዛው የሚገርፈው በጌዴኦኛ የተነጋገረውን ብቻ አልነበረም። አማርኛ ንባብ ላይ «ጸ»ን «ጠ» ያለውንም መዳፉን ዘርጋ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር የእኔ አባት ራሱ ጸሐይን ጠሐይ ነው የሚለው፤ ግን አባቴን የሚገርፍ አለቃ አልነበረም። የሚገረፉት ከገጠር የመጡት ነበሩ። በራሶ መዳፉ ሲያብጥበት እስክሪብቶ በሁለት ጣቱ ጫፍ ቆንጥጦ ይጽፍ ነበር።

ነገሩን የጀመረው ማንንም ሊጎዳ ያላሰበ ሰው ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነበረን፤ ሚስተር እንለዋለን። አንድ ቀን አፉን በወረቀት ከልሎ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል አከታትሎ ጠራና «አንድ ከሆነ ቀኝ እጅ፣ ሁለት ከሆነ ግራ እጅ» አለን። ግዛው ቀኝ እጁን ቀጥ አድርጎ አወጣ። እኔም ቀኝ፤ የከተማ ልጆች በሙሉ ቀኝ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት በራሶና ጓደኞቹ ግራ አወጡ። ሚስተር ወደ ኋላ ወንበር እያመለከተ «ልክ እነሱ ናቸው» አለ። ደገመ፤ ያው ሆነ። ሁላችንም ወደ ኋላ ዞርን። የክፍሉ አለቃ ሲሳሳት፣ በየቀኑ የሚገረፉት ሲያገኙ አይተን አናውቅማ።

ሚስተር በተሰባበረ አማርኛውም፣ በእጁም፣ በጥቁር ሰሌዳውም ሊያስረዳን ሞከረ። ከቃላቱ አንዱ አናባቢውን ያሳጥራል፣ ሌላው ያስረዝማል። በጌዴኦኛ ማጠርና መርዘም ቃልን ከቃል ይለያል፤ ልጅ ገና ጡት ሲጠባ ጆሮው ይህን ይለምዳል። በአማርኛ ግን አናባቢውን ብትጎትተው ያው ቃል ነው፤ ቢበዛ ሰውየው ተንዛዛ ይባላል። ስለዚህ የእኛ ጆሮ ርዝመቱን ሰምቶ እንዳልሰማ ይጥለዋል። «ጆሮ አይደለም የሚሰማው፣ ያደጋችሁበት ቤት ነው የሚሰማው» ያለን ትዝ ይለኛል። ከዚያ «አሁን እናንተ እኔን ፈትኑኝ» አለ። አንዱ ተነሥቶ አፉን ከልሎ «ተ» እና «ጠ» አለው። ሚስተር ቀኝ እጁን አወጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛ ዘንድ የተሸነፈ በኩርኩም ነው የሚከፍለው ብለን ስንነግረው ያን ረጅም አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ከክፍሉ በቁመት ትንሹ ልጅ በጣቱ አንጓ አናቱን ሲኮረኩመው እሱም ሳቀ። ግዛው ብቻ አልሳቀም።

ጨዋታው ከክፍል ወጣ። ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ፣ ወደ ወንዙ መውረጃ፣ የአንድ ሰው እንሰት አለ። በዕረፍት ሰዓት እዚያ እንሰበሰባለን። ድምፅ የሚያወጣው ከንፈሩ እንዳይታይ ትልቅ የኮባ ቅጠል ከፊቱ ይይዛል፤ ሌላው እጁን ያወጣል፤ የሳተ ይኮረኮማል። የእኛ ወገን «ጸ»ን ከ«ጠ» እየቀላቀለ ያቀርብላቸዋል፤ እነሱ ይስታሉ፣ እንኮረኩማለን። እነሱ ደግሞ ለእኛ የሚያቀርቡት አንድ ድምፅ ነበራቸው። እዚህ እንዲመች አንዱን «ዳ»፣ ሌላውን «ዻ» ብዬ እጽፈዋለሁ። ለእኔ ዳ እና ዳ ነበሩ። ጆሮዬን አቅንቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ ሞክሬያለሁ። አንድ ናቸው። በራሶ ግን «ሁለት ናት እኮ፤ አንዷ ሌላ ናት» ይለኛል፤ ሩቅ ያለ ጌዴኦ አህያ ነጂ ሳይቀር በመንገድ ሲያልፍ ሰምቶ ሁለት ናት ይላል። አናቴ እንደ ድንች መሬት ጎርበጥባጣ ሆነ። እናቴ ማታ ቅቤ ስትቀባኝ «ምን ነክቶህ ነው?» ብትለኝ «ትምህርት ነው» አልኳት።

እንግዲህ የሰው ተፈጥሮ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ከሩቅ ያለን ነገር የማያይ ሰው ዓይኔ ደከመ ይላል። ድምፅን የማይለይ ግን ጆሮዬ ደከመ አይልም፤ ምክንያቱም ሰምቷል፤ ጥርት አድርጎ ሰምቷል፤ የሰማው አንድ ነው። ስለዚህ ሁለት ነው የሚለው ሰው ውሸታም መሆን አለበት። እኔም በልቤ ይህን ያሰብኩባቸው ቀናት ነበሩ። ከበራሶ ጋር አንድ ቆጮ ባንበላ ኖሮ ምናልባት እዚያው እቀር ነበር።

ግዛው ለጥቂት ቀናት ከሩቅ ሲያየን ቆየ። ከዚያ በግቢው ሲያልፍ ትንንሾቹ ተማሪዎች ዝም ብለው ግራ እጃቸውን ማውጣት ጀመሩ። ጅማቱን ይዞ ሲዞርባቸው እጃቸውን አውርደው አናታቸውን ያካሉ። ይህን ነው ያልቻለው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ እንሰቱ ወረደ። ጅማቷ በእጁ ናት። ቀጥ ብሎ በራሶ ፊት ቆመ።

«እኔና አንተ እንጫወት» አለው። «ካሸነፍከኝ ይቺን ጅማት ወንዝ እጥላታለሁ፤ ማንንም አልገርፍም። ካሸነፍኩህ ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ አትደርስም። ብትመጣ ለአባባ ነግሬ አባትህን ከመሬቱ አስነቅላለሁ።»

ወንዙ ሲወርድ ይሰማ ነበር። በራሶን በክንዴ ገፋ አድርጌ እንቢ በለው ልለው ፈለግሁ። እሱ ግን የኮባ ቅጠሉን አንሥቶ አራገፈና «ጅማቷን ቀድመህ መሬት አስቀምጥ» አለው። ግዛው አስቀመጠ።

ግዛው ቀድሞ ፈተነ። በራሶ ስቷል፣ አግኝቷል፣ ደግሞ ስቷል። በሳተ ቁጥር ግዛው ሲኮረኩመው የጣቱን ቀለበት ወደ ታች አዙሮ ነበርና ደም ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ወረደ። በራሶ በእጅጌው ጠረገው። ከዚያ ተራው ተለወጠ። በራሶ ከቅጠሉ ጀርባ ሆነና ጀመረ። ጌዴኦዎቹ መልሱን ሊመሰክሩ ከግዛው ጀርባ ተሰልፈው እጃቸውን ያወጣሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ግዛው ዞር እያለ ያያቸዋል። አንዳንዴ በግምት ያገኛል፤ ያ ነው ይበልጥ ያበገነው፤ ያገኘበትም የሳተበትም ምክንያት አይታየውም። በሳተ ቁጥር ደግሞ የሚኮረኩመው ተራ ይገባል። እነዚያ መዳፋቸው የተተለተለ ልጆች አልራሩለትም። አንዱ በሁለት እጁ ነው የመታው። የግዛው ዓይን እንባ አቀረረ፤ የሕመም እንባ ነው፣ ማንም ያቀርራል። አንዱ ግን ሳቀ።

«ሌቦች» አለ ግዛው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ተማክራችኋል። አንድ ነው የምትሉት። ስንት ጊዜ ብትሉት አንድ ነው።»

ጎንበስ ሲል ጅማቱን ማንሣቱ መሆኑን ሁላችንም ያወቅነው ካነሣው በኋላ ነው። የመጀመሪያው ምት የኮባ ቅጠሉን ለሁለት ሰነጠቀው፤ ሁለተኛው የበራሶን አንገት። ከዚያ ጅማቱን ጥሎ በጡጫ ገባበት። ቀለበት ያለበት እጁ በራሶን ግራ ጆሮው ላይ አገኘው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ በራሶ ወደ ጎን ወደቀ፤ ከጆሮው ቀዳዳ ደም ቀጥኖ ወጣ። ግዛው ደረቱ ላይ ተቀመጠበት፣ በሁለት እጁ ጉሮሮውን ጨመቀ።

«በል አሁን ሁለቱን ድምፆች በላቸው» ይለዋል። «ቅጠል የለህም፣ ጓደኛ አልረዳህም። በላቸው።»

እኔ ልገላግል ብዘልል ከግዛው ጓደኞች አንዱ ወገቤን ይዞ ጣለኝ፤ አፌ የእንሰት ሥር ላይ አረፈ፣ ጥርሴ ከንፈሬን በጠሰው። ቀና ስል የበራሶ ፊት ጠቁሯል። ግዛው ትንሽ ላላ አደረገለት፣ መተንፈሻ ያህል። በራሶም እዚያው ጭቃ ላይ ተንጋሎ፣ ጆሮው እየደማ፣ በግዛው እጅ ሥር ሆኖ ድምፆቹን አላቸው፤ «ዳ» አለ። ቆየና «ዻ» አለ።

የግዛው እጅ ቆመ። ፊቱን አይቼዋለሁ። አንድ ሰው በር ተደግፎ ሳለ በሩ ከወዲያ ሲከፈትበት እንደሚሆነው ሆነ።

«ድገመው» አለ፤ ይህን ያለው በሌላ ድምፅ ነው።

በራሶ ደገመው። የግዛው አውራ ጣት የበራሶ ጉሮሮ ላይ፣ ያ ጉጥ ያለበት ላይ ነበር። አሁን እኔም ከመሬት ሆኜ አየሁት። በአንደኛው ድምፅ ጉጡ ባለበት ይቆማል። በሁለተኛው ቁልቁል ይወርዳል። ሳልሰማ አየሁት፤ ግዛው ሳይሰማ ዳሰሰው። እጁን አነሣና መዳፉን ተመለከተ።

ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነበር። ማን መጀመሪያ እንደወረወረ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኔ በእጄ የገባውን ሁሉ ነው የወረወርኩት። እንሰቱ ተመነቃቀረ። አንዱ ወንዙ ውስጥ ገብቶ በዚያ ቀይ እጣቢ ተጠምቆ ወጣ፤ ሌላው ክርኑ ተሰበረ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቆመጡን ይዞ ደርሶ ያገኘውን ሁሉ እየደቆሰ ወደ ግቢ አስገባን። እሱ ወገን አልለየም።

በማግስቱ ጠዋት ዲሬክተሩ ቢሮ ተጠራን። ዲሬክተሩ ጥብቅ ሰው ነበር፤ ከጠረጴዛው ጎን የተደገፈው ከዘራ ለመመርኮዝ አይደለም። ባላምባራስ ካፖርታቸውን እንደደረቡ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የበራሶ አባት ቡልኳቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል፤ ግቡ ያላቸው የለም። በራሶ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ አንገቱ ላይ የጣት አሻራ እንደ ሐብል ዞሮ ይታያል።

«ጌዴኦዎቹ ተመሳጥረው ልጄን አዋርደዋል» አሉ ባላምባራስ። «የሌለ ድምፅ አለ ብለው አናቱን ፈንክተዋል። እውነት ካለ ይታይ። ከሌለ ይህ ልጅ ይባረር፤ አባቱም ቤቱን ነቅሎ ከመሬቴ ይውጣልኝ።»

ዲሬክተሩ የዳኝነት ሰው መሆን ይወዳል። በራሶን በማቆሚያ ላይ ከተሰቀለው ትልቅ ካርታ ጀርባ አቆመውና «አሰማኝ» አለው። በራሶ አሰማ። ዲሬክተሩ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «አንድ ነው» አለ። ጌዴኦ ተማሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ግራ እጃቸውን አወጡ፤ ከዘራው በወጣው እጅ ላይ አረፈ። «ድገም።» ደገመ። «አንድ ነው።» ግራ እጆች እንደገና ወጡ፤ ከዘራው እንደገና ወረደ። የሚገርመው ይህ ነው፤ እንደሚመቱ እያወቁ ሁለት የሆነውን አንድ ማለት አልሆነላቸውም። ከመካከላቸው አንዱ እያለቀሰ ነበር የሚያወጣው።

ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የማንም ወገን አይደለህም። ቋንቋቸውንም አታውቅም። ትሰማዋለህ?»

የበራሶ አባት ከበሩ ሆነው አዩኝ። እሰማለሁ ብል በራሶን ከካርታው ጀርባ አድርጎ ሲፈትነኝ እጋለጣለሁ፤ አልሰማም ብል ያበቃል።

«አልሰማውም፣ ጌታዬ» አልኩ። ከንፈሬ አብጦ ስለነበር ንግግሬ ይኮላተፋል። «ግን አለ።»

«ካልሰማኸው እንዴት አለ ትላለህ?»

«ግዛውን ይጠይቁት። እሱ ያውቀዋል።»

ግዛው አናቱ በሻሽ ተጠምጥሞ ከአባቱ ወንበር ጎን ቆሞ ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ባላምባራስ ሳያዩት «ተናገር» አሉት። ልጁ ቀኝ መዳፉን ሱሪው ላይ አሸ። አንድ ነው ቢል የሚያምነው ብዙ ነው፤ የእኔ ቃል ደግሞ የባለልኳንዳ ልጅ ቃል ነው። ከዚያ ግዛው ወደ ካርታው ሄዶ በራሶን በክንዱ ይዞ አወጣው። በራሶ ሊመታው መስሎት ጆሮውን በእጁ ጋረደ። ግዛው ግን አልመታውም። የዲሬክተሩን እጅ፣ ከዘራ ያልያዘበትን፣ ይቅርታ ጌታዬ ብሎ ያዘና በራሶ ጉሮሮ ላይ አኖረው።

«አሁን ሁለቱን ድምፅ ይበል» አለ።

በራሶ አላቸው። ዲሬክተሩ እጁን ቶሎ አልሳበም። «ድገም» አለ። ደገመ። ሰውየው ጣቶቹን ከበራሶ አንገት ላይ አንሥቶ ወደ ራሱ ጉሮሮ ወሰደና ቀስ ብሎ «ዳ» አለ፤ እንደገና «ዳ» አለ። የእሱ አልወረደም። ማንም አልሳቀም።

ባላምባራስ ተነሡ። ልጃቸውን በጥፊ አሉት፤ ጆሮው ላይ። ያን ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ እኩል ሰማነው።

«ለጭሰኛ ልጅ መሰከርክ» አሉትና ካፖርታቸውን ሰብስበው በበራሶ አባት አጠገብ አልፈው ወጡ።

ፍትሕ ተገኘ ብዬ አላጋንንም። ዲሬክተሩ የሚባረር የለም አለ፤ የሚገረፍ ግን ሁላችንም ነን፤ ተሰልፈን ተገረፍን። በራሶ ብቻ ጆሮው ስለሚደማ ታለፈ። የክሊኒኩ ድሬሰር ቀዳዳው ውስጥ የሆነ ነገር አፍስሶለት ይድናል አለው፤ አልዳነም። ስለዚያ ጆሮ የጠየቀ የለም፤ የተከሰሰም፣ የተካሰም የለም። ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ድምፁ መኖሩ ተረጋገጠ፣ የሚሰማው ጆሮ ግን ጠፋ። አባትየውን ከመሬቱ አልነቀሏቸውም። ባላምባራስ ስለ ዳኝነቱ አፍረው ይሁን ረስተውት አላውቅም። ጥቂት ቆይቶም ዘመኑ ተገለበጠና መሬቱ ከእጃቸው ወጣ።

ግዛው በዚያ ዓመት መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ ወሬውን ደግሜ አልሰማሁም። ከመሄዱ በፊት ግን ወደ ልኳንዳችን መጣ። ጅማቷን ከኮቱ ውስጥ አውጥቶ ሥጋ መክተፊያው ጉማጅ ላይ አስቀመጣትና «የእናንተ ናት» አለኝ። አባቴ ምን እንደሆነች ሳይጠይቅ ለውሻ ወረወራት።

በራሶ ፈተናውን አለፈ። መምህር ሆነ፤ ጨለለቅቱ ውስጥ ዕድሜ ልኩን አስተማረ፤ ሲያስተምር ቀኝ ጎኑን ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ ነበር የሚቆመው። የቀረችውን ጆሮ ደግሞ እርጅና ወሰደበት። እንዲህ ሆኖ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ላላየው ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። የልጅ ልጆቹ ሲመጡ አንድ በአንድ ፊቱ ይቆማሉ፤ ጣቶቹን በጉሮሯቸው ላይ ያሳርፋል፤ ያወሩለታል፤ ማን እንደሆኑና ምን እንደሚሉ ከከንፈራቸውና ከጉሮሯቸው ያውቃል። ያ የታነቀ ልጅ ነው የሰውን ጉሮሮ እንዲያ ቀስ ብሎ የሚነካው።

የስልኩ ነገር አላስቀምጥ ሲለኝ ሰኞ ዕለት ሕሊናን አስከትዬ፣ የእጁን ጨዋታ ሁሉ መንገድ ላይ እያጫወትኳት ወደ ጨለለቅቱ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ዳር ያለው እንሰት ታጥቦ ያበራል። በራሶ ከደጃፉ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ቆጮ ቀረበ፤ በላን፤ ለሥጋው የሚሆን ጥርስ ሁለታችንም ስለሌለን በጎመን ነበር። ከበላን በኋላ እጁን ይዤ ጉሮሮዬ ላይ አደረግሁ።

አንድ ነገር አልነገርኩትም ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ብቻዬን ስሆን፣ ጢሜን ስላጭ፣ መንገድ ስሄድ፣ ጣቴን ጉሮሮዬ ላይ አድርጌ ስሞክረው ኖሬያለሁ። ጆሮዬ ዛሬም አይለየውም፤ አፌ ትክክል ይበል ይሳት የማውቅበት መንገድ የለኝም። እንዲፈርድልኝ የምፈልገው ሰው ደግሞ አሁን አይሰማም።

«ዳ» አልኩት። ትንፋሼን ሰብስቤ ቆየሁና «ዻ» አልኩት።

በራሶ ፊቱን አላንቀሳቀሰም። ጣቱ ጉጡ ላይ እንዳለች ናት። ሕሊና ከጎናችን ቆጮዋን እያላመጠች፣ ማንም ሳይጠይቃት ግራ እጇን አወጣች።

«አሁን ወረደች» አለ በራሶ።